«እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ደህና ነው»

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በስልኬ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ዕቃ ያመላልሳል። በወር ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ቤት ያድራል። ሁለት ልጆች አሉን፤ የ15 ዓመት ሴት እና የ9 ዓመት ወንድ።

አማቴ አብረውን ነበር የሚኖሩት። እኔ ሱቅ ስውል ልጆቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ «እምዬ» ነው የሚሏቸው። ሐሙስ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ አድሩስ ጨሶ፣ ዱዓ የሚደረገው በእሳቸው ነበር። ዓምና ከረመዳን በፊት ወደ አኼራ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጸጥ አለ። ማንም አይጣላም፤ ማንም አያለቅስም። ባለቤቴ በቀብሩ ቀን እንኳን እንግዳ ሲያስተናግድ ነው የዋለው። ክፍላቸው እንደተዘጋ ነው፤ ሳጥናቸውን ማንም አልከፈተውም። ስማቸውን ሳነሳ ባለቤቴ «አላህ የወደደውን ነው ያደረገው፤ ሰብር አድርጉ» ይልና ይወጣል። አንዴ ደገም ሳደርግበት «እናቴን አታንሱብኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግን ዳግም አላነሳሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኛ ልጆቹን ይዘን ወጣን። አማቴ «ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም» ብለው ቀሩ። ባለቤቴ ለምኖ ለምኖ አቃተው። ከተማው እስኪለቀቅ ድረስ በሕይወት መኖራቸውንም አናውቅም ነበር። ስንመለስ ደህና አገኘናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ስለዚያ ጊዜ ግን እሳቸውም አላወሩ፤ እኛም አልጠየቅን።

ትንሹ ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ሰገራም ደምም ተመረመረ፤ ምንም የለም ተባለ። ሁልጊዜ አይደለም የሚያመው፤ ጭራሽ የማያመው ሳምንት አለ። ባለፈው ወር አባቱ ሚሌ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ስልኩ ሁለት ቀን አልሠራ ሲል ግን ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ። አባቱ «እያስመሰለ ነው» ይላል። «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» ይለዋል።

የጻፍኩልዎት ግን በትልቋ ልጄ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እየመጣች ቁልፍ ትተክልልኛለች። ድሮ ስናወራ ነበር የምንውለው፤ አሁን ኤርፎን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ነው የምትሠራው። ከሦስት ሳምንት በፊት አልጋዋን ሳነጥፍ ደብተር አገኘሁ። የትምህርት መስሎኝ ገለጥኩት። የትምህርት አልነበረም። መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ደህና ነው። እምዬ የናፈቀችው እኔን ብቻ ነው መሰለኝ።»

ደብተሩን ቦታው መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እኔም እኮ በየቀኑ ይናፍቁኛል። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ። ቤት የምገባው ግን ፊቴን ታጥቤ ነው።

ልንገራት? ብነግራት ደብተሯን ማንበቤን ታውቃለች፤ ሁለተኛ አታምነኝም። ባለቤቴንስ እንዴት ላናግረው? አንዲት ጓደኛዬ «ሁሉንም ቁጭ አድርጊና የሆዳችሁን አውጡ በያቸው» አለችኝ። ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ።

እናት ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣

አላህ ያጽናሽ። ዓመት አልፎታል ትይኝ ይሆናል። ግን እንደጻፍሽው ከሆነ ለአንቺ ይህን ያለሽ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ለቅሶ ደራሹ የሚያጽናናው ባልሽን ነው። አማት የሞተባት ሴት ጓዳ ናት፤ ታበስላለች፣ ታስተናግዳለች፣ የተዋሰችውን ዕቃ ትመልሳለች። በዚያ ሁሉ መሀል አንቺም እናት የሆኑሽን ሰው አጥተሻል። ሱቅ ውስጥ ብቻሽን ማልቀስሽ አልገረመኝም።

ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር። በቅን ልብ ነው ያለችሽ፤ ግን አሁን አታድርጊው። ሁሉንም ሳሎን ሰብስበሽ «የሆዳችሁን አውጡ» ብትይ የሚሆነውን አስቢው። ባለቤትሽ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይወጣል። ትንሹ ምንጣፉን ያያል። ልጅሽ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብላ ወዲያው ደብተሯን ታስባለች። አንቺም «ይኸው፣ አይሆንም» ብለሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ። ስብሰባማ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ማን እዚያ ላይ ሆዱን ሲያወጣ አየሽ?

እስቲ የጻፍሽውን መልሰሽ አስቢው። አንቺ ፊትሽን ታጥበሽ ትገቢያለሽ። ልጅሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ባለቤትሽ ይወጣል። ትንሹ ሆዱን ያመዋል። አራታችሁም የምታዝኑት ለአንድ ሰው ነው፤ ሌላውን ላለማስከፋት ስትሉ ግን ሁላችሁም ተደበቃችሁ። ልጅሽ የታጠበ ፊትሽን አየችና «እናቴ ደህና ናት» አለች። ምን ታድርግ? ሌላ የምታየው ነገር አልሰጣችኋትም።

ስለዚህ ከማንም ሆድ ቃል ለመጎልጎል አትቸኩይ። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ አንድ ሰው የከበደውን ይዞ ሲመጣ ቤቱ እንዴት ይቀበለዋል? ልጆች አንዴ ይሞክሩና የሚመለስላቸውን ያያሉ። ከተቆጣን፣ ከደነገጥን፣ ወይም ቶሎ ብለን ወደ ሌላ ወሬ ከዞርን በዚያው ይቀራሉ። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ አንድ ችግር አለብን፤ «አብሽር» ለማለት ፈጣኖች ነን። ደግ ቃል ነው፤ ስንቱን ሰው አቁሟል። ግን ልጁ ነገሩን ሳይጨርስ ከመጣበት በቃ ዝም በል የተባለ ያህል ነው። ትንሽ አቆይተሽ በይው።

የመጀመሪያው ፈተና የሚጠብቀው አንቺኑ ነው። ደብተሩን ማለቴ ነው።

እኔ ንገሪያት ባይ ነኝ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። በ15 ዓመት ዕድሜ የተደበቀ ደብተር ቀላል ነገር አይደለም። ግን የተነበበው ተነቧል፤ የቀረው የእሷ ማወቅ ነው። ሦስት ሳምንት ዓይኗን ማየት ካቃተሽ፣ የሆነ ነገር መቀየሩን ሳታውቀው አትቀርም። ምን እንደሆነ ስላልተነገራት «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ይሆናል። ሌላም ጣጣ አለው። ሳትነግሪያት በድንገት ስለ እምዬ ማውራት ብትጀምሪ፣ አንድ ቀን ነገሩ ሲገጣጠምላት ያ ሁሉ ጨዋታ የውሸት ይመስላታል።

ብቻችሁን ስትሆኑ ንገሪያት። አጭር ይሁን። ለምሳሌ «አልጋሽን ሳነጥፍ ደብተርሽን አገኘሁ። የትምህርት መስሎኝ ነው የከፈትኩት። እንዳልሆነ ካየሁ በኋላ መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። ስለ እምዬ የጻፍሽውን አነበብኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ስለማስብልሽ እኮ ነው» አትበይ። «እናትሽ አይደለሁ እንዴ?» አትበይ። ከይቅርታ በኋላ ምክንያት ከተደረደረ ይቅርታው እዚያው ይሰረዛል።

ትቆጣለች። በር ዘግታ ትቀመጥ ይሆናል፤ አንድ ሁለት ቀን ላታናግርሽም ትችላለች። ይህን ጊዜ በደንብ ተዘጋጅተሽ ጠብቂው፤ ምክንያቱም ከዚያ ሁሉ ወር ጸጥታ በኋላ በቤታችሁ በግልጽ የሚወጣው የመጀመሪያው ስሜት የልጅሽ ንዴት ሊሆን ነው። የሚያርፈውም አንቺ ላይ ነው። «ልክ ነሽ፤ እኔም ብሆን እናደዳለሁ» ብለሽ ዝም ካልሽ፣ በዚህ ቤት ተናዶ መናገር እንደሚቻል በዓይኗ አየች። «ለእናትሽ ነው እንዲህ የምትናገሪው?» ካልሽ ግን ደብተሩ ሌላ መደበቂያ ይፈለግለታል። ስድብ ከመጣ ስድቡን ከልክይ። ንዴቱን ተይላት።

በረድ ስትል ለጻፈችው ነገር መልስ ስጪ። መልሱ አንቺ ጋ አለ፤ ለእኔ ጽፈሽዋል። «እኔንም በየቀኑ ይናፍቁኛል። ሱቅ ሆኜ አለቅሳለሁ። እናንተ እንዳታዩኝ ብዬ ነው ፊቴን ታጥቤ የምገባው» በያት። ከዚያ «አንቺስ ምን ይሰማሻል?» ብለሽ አታፋጥጫት። ብቻዋን እንዳልሆነች ሰማች፤ ለዚያ ቀን ይበቃል።

ቅዳሜ ስትመጣ ኤርፎኑን አውልቂ አትበያት። እሷ ቁልፍ ትትከል፤ አንቺ የስፌት መኪናሽ ላይ ሁኚ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆንና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲቀር ብዙ ሰው ይቀለዋል፤ ዝም ቢባባሉም አያስጨንቅም። አንቺ ከትንሹ ነገር ጀምሪ። «ዛሬ አንዷ ደንበኛ ሰው ፊት ጮኸችብኝ፤ ሆድ ባሰኝ።» «የሱቁ ኪራይ ነገር አስጨንቆኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ምክር አታስከትዪበት፤ «ስለዚህ አንቺም ተማሪ» የሚል ነገር አይጨመር። የዕለቱን ትንሽ መከፋት ማውራት ያለመደ ቤት ስለ ሞት ማውራት ይከብደዋል። አንድ ቅዳሜ ከኤርፎኑ አንዱን ብቻ አውልቃ ታገኚያት ይሆናል። አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ።

ማልቀሱስ? ልጆች ፊት ላልቅስ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ጥያቄው ደብዳቤው ውስጥ አለ። አንድ ቀን ፊትሽን ሳትታጠቢ ግቢ ብዬ እመክርሻለሁ። ልጆችን የሚያስፈራቸው የእናት እንባ ብቻውን አይደለም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ እንባ ነው። «እምዬ ትዝ ብለውኝ ነው፤ ያልፍልኛል፤ ራት ልሥራ» ካልሻቸው ሁለት ነገር ይማራሉ። ማዘን እንዳለ ያያሉ፤ አዝኖም ራት መሥራት እንደሚቻል ያያሉ። መጠንቀቅ ያለብሽ አንድ ቦታ ላይ ነው። ልጅሽ አጽናኝሽ እንዳትሆን። ስታለቅሺ እሷ እየሮጠች ውሃ የምታመጣ፣ የአንቺን ሆድ የምትሸከም ከሆነች ሸክሙ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም። የአንቺን ከባዱን ለእህትሽ ወይም ለዚያች ጓደኛሽ አውሪው። ምክሯ ባይመቸኝም ጆሮ ያላት ትመስለኛለች።

«ቡና አፍሉና ተጫወቱ» የሚል ምክር ከእኔ የምትጠብቂ ከሆነ ትንሽ ላሳዝንሽ ነው። የእኛ ቡና የጎረቤት ነው። ከአቦል እስከ በረካ የሚወራው የሰው ወሬ ነው፤ የራስን ሆድ እዚያ ላይ ማውጣት ገመናን ገበያ ማውጣት ይመስላል። ልጆቹም ፈንዲሻና ስኒ አመላላሽ ናቸው፤ የሚናገሩበት ቦታ የላቸውም። የሐሙስ ማታው ዱዓ ግን ሌላ ነው። እምዬ ከሄዱ ወዲህ ቀርቷል? አልጻፍሽም። ከቀረ መልሱት፤ ለአራታችሁ ብቻ፣ አባት ከሌለም ለሦስታችሁ። አድሩሱን ትንሹ ያጭስ። ዱዓው ላይ ስማቸውን ጥሩ። ስም ከተጠራ በኋላ ወሬ ራሱ ይመጣል። «እምዬ እኮ እንዲህ ትል ነበር» የሚለው መጀመሪያ ማን እንደሚሆን እንጃ፤ እኔ ትንሹ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ትንሹ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ቆም ያደረገኝ እሱ ነው።

ሕመሙ የሚመጣው መቼ ነው? ቀኑን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? የማያመው ሳምንት አለ ብለሻል። አባቱ ሚሌ ላይ ስልኩ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አመመው። እስቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ውሰጂና ያመመውን ጠዋትና አባቱ ለጉዞ የወጣበትን ቀን ምልክት አድርጊበት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ግን ሕመሙ አባቱ በወጣ ማግስት የሚመጣ ከሆነ ብዙ አይገርመኝም።

የ5 ዓመት ልጅ ሞትን እንደ መንገድ ሊያስበው ይችላል፤ ሄዶ የሚመለሱበት። 9 ዓመት ሲሞላው ግን የሞተ እንደማይመለስ ገብቶታል። ያ ከገባው በኋላ የሚመጣበት ጥያቄ «ቀጥሎ ማን ነው?» የሚል ነው። ይህ ልጅ በ5 ዓመቱ እምዬን ቤት ትቶ በጭንቀት ከከተማ ወጥቷል። በኋላ ደግሞ እምዬ የእውነት ሄዱ። ስለ ሁለቱም ማንም ምንም አላለውም። አሁን አባቱ በየጊዜው ይሄዳል። እኔ ብሆን እኔም ሆዴን ያመኝ ነበር።

ሕመሙ እውነተኛ ነው። ይህን ለባለቤትሽም በጸጥታ ንገሪው። ሐሳብና ሆድ በነርቭ የተያያዙ ናቸው፤ ልጅ ሲጨነቅ አንጀቱ ይኮማተራል፣ ያማል፣ ሰገራ ውስጥ ግን ምንም አይገኝም። ሐኪሙ «ምንም የለም» ሲል ትል ወይም አሜባ የለም ማለቱ ነው። ልጁ ዋሸ ማለቱ አይደለም።

ምን ልታደርጊ? ጠዋት ሲነሳ «ዛሬስ አመመህ?» ብለሽ አትጠይቂው። በጭንቀት የመጣ ሕመም በተጠየቀ ቁጥር ይበረታል። አመመኝ ካለ እመኚው፤ ሆዱን አሸት አድርጊለት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ትምህርት ቤት ይሂድ። ቤት በዋለ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። ለመምህሩ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ሲያመው ትንሽ አረፍ ብሎ ወደ ክፍል እንዲመለስ ይፍቀዱለት። ማታ፣ ሕመሙ በሌለበት ሰዓት ደግሞ በቀጥታ ጠይቂው፤ «አባዬ መንገድ ላይ ሲሆን ትፈራለህ?» አዎ ካለ «ምንም አይሆንም» ብለሽ አትማይለት። መኪና እንደሚገለበጥ ያውቃል፤ ሰምቷል። እውነቱን ንገሪው። «እኔም አንዳንዴ እፈራለሁ። አባዬ ጎበዝ ሹፌር ነው። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስላለ ስልኩ ጠፋ ማለት አደጋ ደረሰ ማለት አይደለም።» ከዚያ ደብተር ላይ መንገዱን ሣሉት፤ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ። አባቱ ሲደርስ ከየቦታው አጭር ድምፅ ይላክ፤ ልጁ ምልክት ያድርግ። ሚሌ ላይ የዘገየ ቀን ምን ታደርጋላችሁ የሚለውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ለማን ይደወላል? ረዳቱ ጋ? ማኅበሩ ጋ? ልጅን የሚያስጨንቀው የሚያደርገው ነገር ማጣቱ ጭምር ነው።

ባለቤትሽን መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ቤቱን ለመክፈት የግድ እሱ መጀመር የለበትም።

አንድ ግምት ልንገርሽ፤ ግምት ብቻ ነው። ይህ ሰው እናቱን ለምኖ አቅቶት ትቷቸው ወጣ። ያንን ሁሉ ጊዜ ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ ቆየ። ተመልሶ ሲያገኛቸው «ይቅር በይኝ» ብሏቸው ያውቃል? ወይስ ቀን እየተገፋ ሄዶ ሳይባል ቀረ? ካልተባለ «እናቴን አታንሱብኝ» የሚለው ቃል ከጭካኔ የመጣ አይመስለኝም። በዚያ ጥቅምት ልጅ ይዞ ከመውጣትና እናትን ይዞ ከመቅረት መምረጥ የነበረበት ሰው ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። አብዛኛው እስካሁን አላወራውም። ደግሞስ አያለቅስም ያለው ማን ነው? ሹፌር ጋቢና ውስጥ ብቻውን ስንት ሰዓት ይነዳል። ረዳቱ ከአንቺ የበለጠ ያውቅ ይሆናል።

ስለ ሰብር አትከራከሪው። ትክክል ነው፤ ሰብር ትልቅ ነገር ነው። ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት እንባቸው ፈስሷል። ሲጠየቁም ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን የሚያስከፋ ነገር እንደማይናገር ነው የመለሱት። ሰብርና እንባ አብረው የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። (ክርስቲያን አንባቢዎቼም አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ እንዳነባ ታስታውሳላችሁ።) ይህን አንቺ ብትነግሪው ስብከት ሊመስለው ይችላል። የሚያከብረው ሸህ ወይም ታላቅ ወንድም ካለ በወሬ መሀል ቢያነሳለት ይሻላል።

ከአንቺ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ቤት ሲገባ፣ በልቶ አርፎ ሲያበቃ፣ እንዲህ በይው፤ «የእምዬን ሳጥን አንተ ሳትኖር አልከፍተውም። መቼ እንክፈተው?» ዛሬ ይሁን አትበይ። ስለ ስሜቱ አትጠይቂው። ሳጥኑ የእሱ እንደሆነ ነግረሽዋል፣ ቀኑንም ለእሱ ትተሻል። «ተይው» ካለ ተይው። ሁለት ጉዞ አሳልፈሽ አንዴ ድገሚው። የከፈታችሁት ቀን ልጆቹም ይኑሩ። ከውስጡ ኩታ ይወጣል፣ ሙስበሓ ይወጣል፤ ማን ምን ይውሰድ የሚለውን ስታወሩ ሌላውም አብሮ ይነሳል።

ሁለተኛው ደግሞ ትንሹን ይመለከታል። መኪናው ኮምቦልቻ ሲቆም ባለቤትሽ ልጁን ይዞ ይውረድ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረጎን ሲወርዱ ብርዱ ይለቃል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ፊት ያያሉ። ተሳቢውን ያሳየው፤ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የሚተኛበትን። ልጁ በሐሳቡ የሚያየው የተበላሸ መኪና ነው፤ የደህናውን በዓይኑ ቢያይ ይረዳዋል። «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» ሲለው ግን ልጁ ፊት አትመልሺለት። ማታ ለብቻችሁ ስትሆኑ የቀን መቁጠሪያውን አውጪና አሳዪው። ምልክቱ እንደገመትኩት ከሆነ፣ አንተ በወጣህ ማግስት ነው የሚያመው በይው። የሹፌር ልብ በዚህ ይነካል፤ ከንግግር ይልቅ ቀኑን በዓይኑ ሲያይ።

ይህ ሁሉ ወራት ይወስዳል። አንዳንዱም ላይሳካ ይችላል። የሚከተሉትን ካየሽ ግን አትጠብቂ። ትንሹ ክብደት ከቀነሰ፣ ካስታወከው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ እንደገና ሐኪም ይየው። ልጅሽ መብላት ካቆመች፣ ከጓደኞቿ ሁሉ ከተለየች፣ ወይም በቃልም በጽሑፍም መኖር እንደማትፈልግ ከተናገረች በዚያው ቀን ይዘሻት ሂጂ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ለባለቤትሽም በሩ ክፍት ነው፤ እንቅልፍ እያጣ ለሚነዳ ሰው ጉዳዩ የሐዘን ብቻ አይደለም፣ የመንገድም ነው።

የመጨረሻ ነገር። ባለቤትሽ ቀጥሎ የሚገባው መቼ ነው? ከዚያ በፊት የልጅሽን ነገር ጨርሺ፤ ደብተሩን ግን ለእሱ አትንገሪው። ሚስጥሩ የእሷ ነው። «ለአባዬ ልንገረው?» ብለሽ ጠይቂያት። አይሆንም ካለች አይሆንም።